ጥር ላይ ደርቋል ብለን የቆረጥነው ጥድ ጉቶው አቆጠቆጠ፤ ምን ዓይነት ዛፍ ነው?

የአዌቱ ጎረቤት፣ ሚያዝያ 12

ጤና ይስጥልኝ። ጅማ ከተማ ውስጥ ከአዌቱ ወንዝ ብዙም በማይርቅ ተዳፋት ላይ፣ ከአባቴ በወረስኩት ግቢ እኖራለሁ። የግቢው የታችኛው ጥግ ክረምት ላይ ውሃ የሚተኛበት፣ በበጋም እርጥበቱ የማይጠፋ ረግረግ ነው። አባቴ መጀመሪያ ቡና ሞክሮበት ሥሩ በስብሶ ሲሞትበት፣ ከሠላሳ ዓመት በፊት ገደማ በዚያ ጥግ ሁለት ጥድ መሳይ ዛፎች ተከለ። ችግኞቹን ከየት እንዳመጣቸው ሳልጠይቀው ዐረፈ፤ ዛሬ ይህ ይቆጨኛል።

እኔ በሥራ ምክንያት ሌላ ከተማ ስለቆየሁ ግቢውን የማየው ክረምት ክረምት ብቻ ነበር፤ በክረምት ደግሞ ሁለቱም ዛፎች እንደ ላባ በለሰለሰ ቅጠል ተሸፍነው ለምለም ነበሩ። ባለፈው ዓመት ጠቅልዬ ከገባሁ በኋላ ግን ኅዳር ሲያልቅ ቅጠላቸው ቢጫ ሆነ፤ ቀጥሎም የዛገ ቆርቆሮ መሰለ፤ ጥር ሲጋመስ ሁለቱም ራቁታቸውን ቀሩ። ግቢውን የሚያግዘን ሰው፣ «ጥድ አንዴ ከደረቀ አይመለስም፤ ነፋስ አጥሩ ላይ ሳይጥለው እናውርደው» አለኝ። በምናውቀው ጥድ ሁሉ አባባሉ እውነት ስለሆነ ተስማማሁ። መጋዙ ወደ ግንዱ መካከል ሲገባ የሚወጣው ብናኝ እርጥብ ነበር፤ ዘግኜ ስጨብጠው እጄ ላይ ተጣበቀ። የደረቀ እንጨት እንዲህ እንደማይሆን የገባኝ ዛፉ ካዘመመ በኋላ ነው። ሁለተኛውን አስተውኩት።

መጋቢት አጋማሽ ላይ የቀረው ዛፍ ከየቀንበጡ አረንጓዴ ነጥብ ማውጣት ጀመረ። ከሳምንት በኋላ የተቆረጠው ጉቶ ራሱ ዙሪያውን አቆጠቆጠ፤ ትናንት ስቆጥር 23 ቀንበጦች ናቸው፤ ረጅሙ ስንዝር አልፏል።

እንግዲህ ዛፉ ምንድን ነው? ከጉቶው የበቀሉትን ምን ላድርጋቸው? ሊራባስ ይችላል? አንድ ወዳጄ ዛፉ ውሃ የሚወድ ከሆነ አብዝተን ወንዙ ዳር ያለውን ጨፌ እንትከልበት እያለኝ ነው፤ በዚህም ላይ ሐሳባችሁን እፈልጋለሁ።


የዝግባ ጥላ፣ ሚያዝያ 12

ወንድሜ፣ አባትዎን ነፍስ ይማር። ዕድሜዬን በደን ሥራ አሳልፌ በጡረታ ላይ ያለሁ ሰው ነኝ፤ ጥያቄዎን ሳነብ ደስታም ሐዘንም ተሰማኝ።

ከምናውቃቸው ብንጀምር፣ የሀበሻ ጥድም ሆነ የፈረንጅ ጥድ ያደገ ቅጠላቸው እንደ ዓሣ ቅርፊት ቀንበጡ ላይ የተለጠፈ ነው እንጂ እንደ ላባ የተዘረጋ አይደለም። የዝግባ ቅጠል ጠፍጣፋ ቢሆንም ወፍራምና ጠንካራ ነው፤ ፍሬውም ድብልብል ሆኖ ሥጋ አለው። ፓቱላ የምንለው ጥድ ቅጠሉ ረጅም ክር ሆኖ በጥቅል በጥቅል ይንጠለጠላል። እነዚህ አራቱም ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ናቸው፤ ከመካከላቸው አንዱ ሙሉ በሙሉ ከቀላ የእርስዎ ረዳት እንዳለው አልቆለታል ማለት ነው። በየዓመቱ ቅጠሉን አራግፎ ራቁቱን የሚቆም የጥድ ወገን ግን በመላው ዓለም ጥቂት ነው፤ ከጉቶው የሚያቆጠቁጠው ደግሞ ከእነዚያም ያንሳል። ስለዚህ የጠረጠርኩት አለ።

ፎቶግራፍ ቢልኩም ከእጅ ምርመራ አይበልጥም። አንድ ለምለም ቀንበጥ ይያዙና ደቃቅ ቅጠሎቹ ግራና ቀኝ ፊት ለፊት ጥንድ ጥንድ ሆነው እንደተቀመጡ ወይስ አንዱ ቀድሞ ሌላው ተከትሎ እየተፈራረቁ እንደሄዱ በደንብ ይመልከቱ፤ ዋናው መለያ እርሱ ነው። ከዛፉ ሥር የወደቀ ፍሬ ካለም ያልተሰበረ ይፈልጉና በጣትዎ ይጫኑት። የግንዱን ታችኛ ክፍልና በዙሪያው ያለውን መሬትም ሣሩን ገለጥ አድርገው ይዩት።


የጅሬን ልጅ፣ ሚያዝያ 13

ሸውሸዌ ሊሆን አይችልም? እኛ ሰፈር አንድ አለ፤ ከሩቅ ሲያዩት ጥድ ይመስላል፤ ውሃ የሚተኛበት ቦታም ችሎ ይኖራል።


የዝግባ ጥላ፣ ሚያዝያ 13

ጥሩ ግምት ነው፤ ብዙ ሰው ሸውሸዌን ከጥድ ይቆጥረዋል። ነገር ግን ሸውሸዌ የጥድ ወገን አይደለም። ቅጠል የሚመስለው አረንጓዴ ክር ራሱ ቀንበጡ ነው፤ በሁለት ጣት ይዘው ቢስቡት እንደ ሸምበቆ በየአንጓው ይላቀቃል። ደግሞም በበጋ ሙሉ በሙሉ አይራቆትም።


የአዌቱ ጎረቤት፣ ሚያዝያ 15

ጋሼ፣ እንዳዘዙኝ ዛሬ ጠዋት ከልጄ ጋር ወርደን አየን።

ቅጠሎቹ ከአንድ እስከ ሁለት ሴንቲ ሜትር የሚሆኑ፣ ጠፍጣፋና እንደ ሐር የለሰለሱ ናቸው። ጥንድ ጥንድ አይደሉም፤ አንዱ በግራ ከወጣ በኋላ ሌላው ትንሽ ከፍ ብሎ በቀኝ ይወጣል። ልጄ ከመሬት ያነሳችው አሮጌ ቀይ ቅጠል ደግሞ አንድ ቅጠል ሳይሆን ሙሉ ቀንበጥ ነው፤ እነዚያ ደቃቅ ቅጠሎች ግራና ቀኝ እንደተሰደሩበት አብሯቸው የረገፈ። ራቁቱን የነበረው ዛፍ እንዲያ ጭር ያለ መስሎ የታየኝ ለካ ቀንበጡም አብሮ ስለሚወርድ ነው።

ፍሬ ብዙ አገኘን፤ አብዛኛው ተበታትኗል። ሳይሰበር የቀረው አንዱ ክብ ነው፤ ከትልቅ ብይ ይበልጣል። ስጫነው እንደ ጋሻ ቅርጽ ወዳላቸው ቁርጥራጮች ተፈረካከሰ፤ ከመካከላቸው የሚያጣብቅ ቀይ ሙጫና ማዕዘን ያላቸው ያልተስተካከሉ ፍሬዎች ወጡ። ሽታው እጄን ሁለት ጊዜ በሳሙና ታጥቤም አልለቀቀኝም።

ግንዱ ከታች ሰፍቶ እንደ ቀሚስ እጥፋት እየተሸነሸነ መሬት ይገባል፤ ልጡ ቀይ ቡናማ ሆኖ በቁመቱ እንደ ቃጫ ይላጣል። ሣሩን ስንገልጥ ደግሞ ከግንዱ አምስት እርምጃ ራቅ ብሎ ጡጫ የሚያክሉ ሦስት ጉብታዎች አገኘን። ድንጋይ መስለውኝ ነበር፤ አንዱ ላይ የማጭድ ጠባሳ አለ፤ ስነካቸው ግን እንጨት ናቸው።


የዝግባ ጥላ፣ ሚያዝያ 15

ከዚህ በኋላ ጥርጣሬ የለኝም። ዛፍዎ ታክሶዲየም ነው፤ ሙሉ ስሙ ታክሶዲየም ዲስቲኩም። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ቅጠሉን ስለሚያራግፍ ራሰ በራው ሳይፕረስ ብለው ይጠሩታል። አገሩ ደቡብ ምሥራቅ አሜሪካ ነው፤ በሚሲሲፒ ወንዝ ሸለቆና በባሕረ ሰላጤው ዳርቻ ባሉ ረግረጎች ውስጥ ግንዱ ውሃ ውስጥ ቆሞ ይኖራል። ሉዊዚያና በ1963 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር የግዛቷ ዛፍ አድርጋዋለች። በሰሜን ካሮላይና ብላክ ሪቨር በሚባል ወንዝ ዳር ያለ አንድ ዛፍ ደግሞ የዕድሜ ቀለበቱ ተቆጥሮ ቢያንስ 2,624 ዓመት ሆኖታል።

የቅጠሉን መፈራረቅ እንዲያዩ አጥብቄ የጠየቅኩዎ ሜታሴኮያ የሚባል የቻይና ዘመዱ ስላለ ነው። እርሱም ቅጠሉን ያራግፋል፤ ከሩቅ መንታ ወንድማማች ይመስላሉ፤ ነገር ግን የሜታሴኮያ ቅጠሎችም ቀንበጦቹም ፊት ለፊት ጥንድ ጥንድ ናቸው። ያ ዛፍ መጀመሪያ በ1941 ከቅሪተ አካል ብቻ ስም ወጥቶለት፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በሕይወት ቆሞ ቻይና ውስጥ የተገኘ ነው። የእርስዎ ዛፍ በቅጠሉ ብቻ ሳይሆን በፍሬውም ከእርሱ ይለያል፤ የታክሶዲየም ፍሬ ሲበስል እንዳዩት ይፈረካከሳል፤ የሜታሴኮያው ግን አፉን ከፍቶ ዘሩን ካፈሰሰ በኋላ ሳይበተን ይቀራል።

አንድ ነገር ብቻ ሳልቆርጥ ላቆየው። ታክሶዲየም የሜክሲኮ ወገንም አለው፤ በኦአሃካ ግዛት ቱሌ በምትባል ከተማ ያለው ዛፍ የግንዱ ዙሪያ 42 ሜትር ገደማ ነው። የሜክሲኮው አየሩ ለስላሳ በሆነበት አገር አዲሱ ቅጠል እስኪመጣ አሮጌውን ይዞ ይቆያል፤ ጉልበት የሚባለውን ጉብታም ብዙ ጊዜ አያወጣም። የእርስዎ ዛፍ ከጥር እስከ መጋቢት ባዶውን መቆሙና ጉብታ ማውጣቱ ወደ አሜሪካው ያደላል። ሆኖም ጅማ ከምድር ወገብ ሰባት ዲግሪ ብቻ ስለምትርቅ በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም፤ ውርጭም አይወርድባትም። ዛፉ በአገሩ ቅጠሉን የሚያራግፈው ቀኑ ሲያጥርና ብርዱ ሲበረታ ስለሆነ፣ እዚህ አንድ ዓመት ባሳየው ጠባይ ብቻ መፍረድ አልፈልግም። ሁለት ዓመት ቅጠሉ የሚረግፍበትንና የሚመለስበትን ቀን ቢመዘግቡልኝ እጅግ ደስ ይለኛል።


ባለ ችግኟ፣ ሚያዝያ 17

ወንድሜ፣ እኔ በከተማው ዳር አነስተኛ ችግኝ ጣቢያ አለኝ፤ ይህንንም ዛፍ ከጥቂት ዓመታት በፊት አብቅዬዋለሁ። ስለ ጉቶውና ስለ ዘሩ የማውቀውን ልንገርዎ።

በጉቶው አይቸኩሉ። 23ቱም ክረምቱን ይብሉ ይጠጡ፤ ሥሩ ሰፊ ስለሆነ ሁሉንም ይመግባል፤ ቅጠሉም ሥሩን መልሶ ያበረታዋል። መስከረም ላይ ከመሬት በጣም ተጠግተው ከወጡት መካከል ቀጥ ያሉ ሦስት መርጠው ሌሎቹን በመቀስ ያንሱ፤ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ አንዱን ብቻ ያስቀሩ። ከጉቶው አናት ላይ የወጣውን ምንም ቢያምር አይምረጡት፤ ጉቶው ሲበሰብስ መቆሚያ ያጣና ከነፋስ ጋር ይገነጠላል። ከታች የወጣው ግን ከሥሩ ጋር አብሮ እየወፈረ ግንድ ይሆናል። የጉቶው ገጽ ውሃ የሚያቁር ከሆነ በመጋዝ አዘንብለው ያስተካክሉት። ፍየል ካለ አጥር አይርሱ።

ወደ ዘሩ ስመጣ መጀመሪያ የጠፋብኝን መናገር አለብኝ። ዘሩን በሕጋዊ መንገድ፣ የእጽዋት ጤና ምስክር ወረቀት ተያይዞለት ከውጭ አስመጣሁ። ከዚያም የረግረግ ዛፍ ነው ብዬ በሳጥን ውስጥ ጭቃ ሞልቼ፣ ላዩ ላይ ሁልጊዜ ሁለት ጣት ያህል ውሃ እንዲተኛበት አድርጌ ዘራሁት። ሁለት ወር ጠበቅኩ፤ አንድም አልወጣም። ቆፍሬ ስሰብራቸው ውስጣቸው ጠቁሮ ይሸታል። ያን ሰሞን በእውነት አለቀስኩ፤ ዘሩ ውድ ነበር።

ነገሩን ቆይቼ ተረዳሁት። የዚህ ዛፍ ዘር ውሃ ላይ ይንሳፈፋል፤ ጎርፍ ተሸክሞት ይሄዳል፤ ውሃ ውስጥ ግን አይበቅልም። የሚበቅለው ውሃው ሸሽቶ እርጥብ ጭቃ ሲቀር ነው፤ ቡቃያውም የሚቀጥለው ጎርፍ ከመምጣቱ በፊት ጭንቅላቱን ከውሃ በላይ ለማድረግ ይሽቀዳደማል። ሙሉ በሙሉ ተውጦ ከቆየ ይሞታል። ስለዚህ ያደገው ዛፍ ረግረግ ቢወድም ልጁን ግን እንደ ማንኛውም ችግኝ ውሃ በሚያሳልፍ አፈር ማሳደግ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ችግር ዘሩ ብርድ ይፈልጋል። በአገሩ ክረምቱን እርጥብ መሬት ላይ በብርድ ካሳለፈ በኋላ ነው የሚነቃው፤ የጅማ ብርድ ይህን አይሠራለትም። እኔ ዘሩን አንድ ሌሊት ውሃ ውስጥ ዘፍዝፌ፣ ታጥቦ በረጠበ አሸዋ ለውሼ፣ በላስቲክ ከረጢት አድርጌ በማቀዝቀዣው የታችኛው ክፍል 90 ቀን አስቀመጥኩት፤ በረዶ ወደሚሠራው ክፍል መግባት የለበትም። መብራት ሲጠፋ እጨነቅ ነበር፤ በሩን ሳልከፍት በመቆየቴ ምንም አልሆነም። በየሳምንቱ ከረጢቱን ገልበጥ እያደረግኩ ሻጋታ መኖሩን አያለሁ።

መዝሪያዬ ሦስት እጅ የአካባቢ አፈር፣ ሁለት እጅ የደን አፈር፣ አንድ እጅ አሸዋ ነው፤ ከአንድ ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ አፈር አለበስኩት፤ ላዩንም በሣር ሸፈንኩት። ከሦስት ሳምንት በኋላ አንድ ማለዳ ሣሩን ገለጥ ሳደርግ አዩኝ። እንደ ባቄላ ሁለት ቅጠል አይደለም የሚያወጡት፤ አምስት ስድስት ቀጭን ቅጠሎች በአንድ እግር ላይ እንደ ኮከብ ተዘርግተው፣ አናታቸው ላይ የዘሩን ልጣጭ እንደ ቆብ ደፍተው ይወጣሉ። ያን የዘር ቆብ በእጅ ለመንቀል አይሞክሩ፤ አንገታቸው ይቆረጣል። ከዚያ ወደ ፕላስቲክ ቱቦ አዛውሬ፣ መጀመሪያ በዳስ ጥላ ሥር፣ ቀስ በቀስም በፀሐይ አሳደግኳቸው። ሥራቸው ፈጥኖ ወደ ታች ስለሚወርድ ቱቦውን በየጊዜው እያነሱ የወጣውን ሥር መቁረጥ ግድ ነው፤ ያን ያልሰነፍኩባቸው ችግኞች ሰኔ ላይ ሲተከሉ አንድም አልደረቁብኝም።

የአፈራችን ቀይና አሲዳማ መሆን ለዚህ ዛፍ ይስማማዋል። ኖራ በበዛበት አፈር ላይ ቅጠሉ ይገረጣል፤ ስለዚህ ከአዲስ ግንብ ሥር፣ የሲሚንቶና የኖራ ፍርስራሽ በተቀበረበት ቦታ አይትከሉት።

አንድ ነገር ልጨምር፤ አሁን የቀረዎት አንድ ዛፍ ነው። አንድ ዛፍ ወንዱንም ሴቷንም አበባ ስለሚይዝ ለብቻውም ያፈራል፤ ነገር ግን ከራሱ ጋር ብቻ ሲዳቀል ብዙው ዘር ባዶ ይሆናል። ዘሩን ከማቀዝቀዝዎ በፊት ሃያ ያህሉን በስለት ሰንጥቀው ነጭ ፍሬ ያላቸውን ይቁጠሩ።


አኻያ፣ ሚያዝያ 18

እስከ አሁን የተባለው ሁሉ ጠቃሚ ነው፤ ከጥያቄው አንዱ ክፍል ግን ሳይመለስ ስላለፈ በእርሱ ላይ አጥብቄ መጻፍ እፈልጋለሁ። እባክዎ ወንድሜ፣ ጨፌው ላይ አይትከሉት።

በግቢዎ ጥግ ያለው ረግረግ አባትዎ ያዘጋጀው የአትክልት ቦታ ነው፤ እዚያ ዛፉ ጌጥም ጥቅምም ነው። በወንዙ ዳር ያለው ጨፌ ግን ባዶ መሬት አይደለም፤ የራሱ ባለቤቶች አሉት። ለቡናችንና ለበዓላችን የምንጎዘጉዘው ቄጠማ የሚታጨደው ከዚያ ነው። ቄጠማም ሆነ ደንገልና ፊላ ሙሉ ፀሐይ ይፈልጋሉ፤ 20 ሜትርና ከዚያ በላይ የሚያድግ ዛፍ በረድፍ ቢተከልባቸው ጥላው ቀስ በቀስ ያጠፋቸዋል። እነርሱ ሲጠፉ ደግሞ ከከተማው የሚወርደውን ደለልና ቆሻሻ የሚያጣራ አይኖርም። አዌቱ ከተማውን አቋርጦ ወደ ቦዬ ረግረግ ይወርዳል፤ ከዚያም ወደ ግልገል ጊቤ። ቦዬ ላይ ጉማሬ ያየ፣ አናቷ ላይ ወርቃማ ዘውድ የደፋች የምትመስለውን ጥቁር ክሬን ያየ ሰው የምለው ይገባዋል፤ ያች ወፍ የምትመገበውና ጎጆዋን የምትሠራው ዙሪያ ገባው በሚታይበት ሣራማ ረግረግ ውስጥ ነው እንጂ በጫካ ውስጥ አይደለም።


የጅሬን ልጅ፣ ሚያዝያ 18

አኻያ፣ የሚሉት ገብቶኛል። ግን ሰዉ ጨፌውን ባሕር ዛፍ እየተከለበት፣ ጭቃውን ለሸክላ ጡብ እየቆፈረው አይደለም ወይ? ባሕር ዛፍ ከሚያደርቀው ቢያንስ ይህ ውሃ የሚወድ ዛፍ አይሻልም?


አኻያ፣ ሚያዝያ 19

ጥያቄዎ ተገቢ ነው፤ እኔም በየዓመቱ ከጨፌው ጥግ የሚቆረሰውን እያየሁ አዝናለሁ። ነገር ግን ባሕር ዛፍ ጨፌን ይጎዳል ማለት ሌላ ዛፍ ጨፌን ይጠቅማል ማለት አይደለም። ባሕር ዛፉ ተነሥቶ ውሃው መውረጃ ካልተቆፈረለት ቄጠማው በራሱ ይመለሳል፤ የሚያስፈልገው መተው ነው። ዛፍ የግድ የሚያስፈልገው ወንዙ የሚሸረሽረው ገደል ላይ ነው፤ ለዚያ ደግሞ የአገራችን ዛፎች አሉን። ስሙን የተዋስኩት አኻያ ከቁራጭ ቅርንጫፉ በቀላሉ ይበቅላል፤ ሥሩም የወንዝ ዳርቻን አጥብቆ ይይዛል። ከእርሱ ወደ ኋላ ሾላና ዶቅማ ሊተከሉ ይችላሉ፤ ፍሬያቸውን ወፉም ልጁም ይበላዋል።

ታክሶዲየምን አልጠላም። ለግቢ፣ ለተቋማት ቅጥር ግቢ፣ ውሃ ለሚተኛበት የመናፈሻ ጥግ፣ ሌላ ዛፍ እንቢ ላለበት ሰው ሠራሽ ኩሬ ዳር እኔም እመርጠዋለሁ። ዘሩ በውሃ የሚጓዝ ዛፍ መሆኑን ግን አንርሳ፤ ከወንዝ አፋፍ ራቅ ብሎ ቢቆም ይሻላል።


የአዌቱ ጎረቤት፣ ሚያዝያ 20

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። አኻያ፣ ጨፌውን በተመለከተ ያሉት ልቤ ውስጥ ገብቷል፤ ወዳጄንም አስነብቤዋለሁ። የቀረኝ ጥያቄ ለጋሼ ነው። ቤቴ ከቆመው ዛፍ አሥር ሜትር ያህል ይርቃል፤ ሥሩ መሠረቱን ይጎዳ ይሆን? እነዚያን ጉብታዎችስ ልቁረጣቸው?


የዝግባ ጥላ፣ ሚያዝያ 21

አሥር ሜትር በቂ ርቀት ነው። አዲስ ሲተክሉ ከቤትና ከመፀዳጃ ጉድጓድ ከስምንት ሜትር እንዳያንስ ያድርጉ፤ የውሃ ቧንቧ ካለም ከእርሱ ያርቁት። ዛፉ በወጣትነቱ እንደ ጎጆ ክዳን ሾጣጣ ስለሆነ ጎኑ ጠባብ ይመስላል፤ ሲያረጅ ግን አናቱ ጠፍጣፋ ሆኖ ይሰፋል። ሥሩ ወደ ጎን ርቆ ስለሚሄድ ለስላሳ ጭቃ ላይ ቆሞ እንኳ ነፋስን አጥብቆ ይቋቋማል፤ ዛፉ አጥርዎ ላይ ይወድቃል የሚለው ስጋት መጀመሪያውኑ አልነበረበትም።

ጉብታዎቹ ጉልበት ይባላሉ፤ ከሥሩ ላይ ወደ ላይ የሚወጡ ናቸው። ዛፉ ውሃ ውስጥ ሲቆም አየር የሚስብባቸው ናቸው የሚለው ግምት ከመቶ ዓመት በላይ ሲነገር ኖሯል፤ የሙከራዎቹ ውጤት ግን አንድ ዓይነት ስላልሆነ ነገሩ አከራካሪ ነው። ሥሩን ጭቃው ላይ እንዲቆናጠጥ ይረዱታል የሚሉም አሉ። ደረቅ መሬት ላይ የተተከለ ዛፍ ብዙውን ጊዜ አያወጣቸውም፤ በእርስዎ ግቢ መውጣታቸው ቦታው ምን ያህል እርጥብ እንደሆነ ይመሰክራል። ቢቆረጡ ዛፉ አይሞትም። የእኔ ምክር ግን በዙሪያቸው ያለውን ሣር ማጨድ ትተው፣ የረገፈው ቀይ ቅጠል እዚያው እንዲተኛ ማድረግ ነው። ልጅዎም እንዳትደናቀፍባቸው ሦስት ካስማ ይትከሉ።

ባለ ችግኟ ስለ ጉቶው ያለችው ትክክል ነው። አንድ ነገር ልጨምርበት፤ ከጉቶ የማቆጥቆጥ አቅም የወጣት ዛፍ ጸጋ ነው፤ ዛፉ እያረጀ ሲሄድ ይቀንሳል። የእርስዎ በሠላሳ ዓመቱ ስለተቆረጠ ነው የዳነው።


የአዌቱ ጎረቤት፣ ጥር 24

ከዘጠኝ ወር በኋላ ተመለስኩ፤ ቃል የገባሁትን መዝገብ ይዤ ነው።

የቆመው ዛፍ ኅዳር 18 መቅላት ጀመረ፤ የመጨረሻው ቅጠል የወረደው ጥር 9 ነው። በጥቅምት ፍሬ ለቅመን ሃያ ዘር ሰነጠቅን፤ ነጭ ፍሬ ያላቸው አራት ብቻ ናቸው፤ እህታችን እንዳለችው ነው የሆነው። ስለዚህ ከረጢት ሙሉ ለቅመን አሁን ማቀዝቀዣ ውስጥ ናቸው፤ ልጄ ከረጢቱን የምትገለብጥበትን ቀን በሩ ላይ ለጥፋዋለች። ከጉቶው ሦስቱን አስቀርተናል፤ ረጅሙ ቁመቱ ከእኔ በልጧል። ወንዙ ዳር ከወዳጄ ጋር የተከልናቸው የአኻያ ቁራጮች ከሁለቱ በቀር ይዘዋል፤ ጨፌውን አልነካነውም።

ባለፈው ቅዳሜ ረዳታችን እንጨት ሊፈልጥ መጥቶ የቆመውን ዛፍ ራቁቱን አየው። ምንም ሳይለኝ ሄዶ ከታችኛው ቅርንጫፍ ላይ በአውራ ጣቱ ጥፍር ልጡን ጫር አደረገው፤ ከሥሩ አረንጓዴ ወጣ። ተመልሶ መጥረቢያውን አነሣና ወደ ባሕር ዛፉ ክምር ሄደ።


የዝግባ ጥላ፣ ጥር 24

ቀኖቹን መዝግቤያለሁ። መጋቢት ላይ የመጀመሪያውን አረንጓዴ ነጥብ ያዩበትን ቀን አደራ ይጻፉልኝ።